ብርሃኑ እየደረሰ መልእክቱ ለምን ይበላሻል? በፈጣን የፋይበር መስመር ላይ ረብሻን ስለ መቀነስ

ጥያቄው፦ ከጎንደር የጻፉልን አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከከተማዋ ወጥቶ 78 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ነጠላ ሞድ ፋይበር (ብርሃን አንድ መንገድ ብቻ ይዞ በሚጓዝበት ቀጭን የመስታወት ክር) ላይ ለዓመታት በ1 ጊጋ ቢት በሰከንድ ያለ ችግር ሲሠሩ ቆይተው፣ መስመሩን ወደ 10 ጊጋ ቢት ሲያሳድጉ ስህተት እንደ በዛባቸው ይገልጻሉ። የገጠሙት ሞጁል፣ ማለትም ብርሃኑን የሚልከውና የሚቀበለው ዕቃ፣ የ40 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ርቀቱን ለማካካስ በላኪው በኩል የኦፕቲካል ማጉያ አክለዋል። ማጉያው 6 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ደካማ ነው) ሲልክ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው -13 ዲቢኤም ነው፤ ሞጁሉ ደግሞ እስከ -15 ድረስ እንደሚቀበል ተጽፎበታል። ማጉያውን ወደ 14 ዲቢኤም ከፍ ሲያደርጉት ስህተቱ በመቀነስ ፈንታ ጨመረ። ወደፊት በዚያው ፋይበር ላይ ስምንት የሞገድ ቻናሎችን ለመጫን ያስባሉ። መስመሩ በከፊል በከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶዎች ላይ ስለሚያልፍም ረብሻው ከኤሌክትሪኩ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ምላሽ፦

ጥያቄዎን ሳነብ አስቀድሞ ያስደሰተኝ ቁጥሮቹን ለክተው መጻፍዎ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሚመጣ፣ መላሹ በጨለማ ለመዳበስ ይገደዳል። እርስዎ ግን ርቀቱን፣ የሞጁሉን ዓይነት፣ የተላከውንና የደረሰውን ኃይል ስለ ነገሩኝ፣ ስህተቱ ከየት እንደሚመነጭ በወረቀት ላይ አስልቼ ልነግርዎ እችላለሁ። ችግርዎ የብርሃን እጥረት አይደለም። እጥረት ከሌለ ደግሞ ማጉያው የሚያክመው ነገር የለም፤ እንዲያውም በፊት ያልነበረ ሁለተኛ ችግር ጨምሮበታል።

በመዳብ ሽቦና በሬዲዮ የለመድነው ረብሻ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሞተር ይነሳል፣ ሌላ ጣቢያ በዚያው ድግግሞሽ ይናገራል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያልፋል። በፋይበር ውስጥ ግን ብርሃኑን በዋናነት የሚረብሸው ራሱ ብርሃኑ ነው። አንዱ ምት ጅራቱ ተዘርግቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ይረግጣል፤ በትክክል ካልገጠመ ኮኔክተር ነጥሮ የተመለሰ ማሚቶ ከዋናው ሲግናል ጋር ይደመራል፤ በአንድ ፋይበር ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ቻናሎች ድንበር ይሻገራሉ፤ ብርሃኑ ከመጠን በላይ ሲበረታም የመስታወቱን ጠባይ ለውጦ በራሱ ላይ ይነሣል። አራቱም በስህተት ቆጣሪው ላይ አንድ መልክ ይዘው ይታያሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ።

የእርስዎ መስመር ዋና ሕመም የመጀመሪያው፣ በሙያው ክሮማቲክ ዲስፐርሽን የምንለው ነው። የሌዘር ብርሃን የቱንም ያህል ጠባብ ቢሆን ፍጹም አንድ ቀለም አይደለም፤ መረጃ ሲጫንበት ደግሞ የሞገድ ስፋቱ ይጨምራል። በ10 ጊጋ ቢት ፍጥነት በጥሩ ሁኔታ የተቀረጸ ሲግናል ወደ 0.08 ናኖ ሜትር ገደማ ስፋት ይይዛል። ጂ.652 በሚባለው መደበኛ ነጠላ ሞድ ፋይበር፣ በ1550 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ በአንድ ናኖ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቀለሞች በየኪሎ ሜትሩ 17 ፒኮ ሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ያህል ይቀዳደማሉ። ይህ ቁጥር በእርስዎ 78 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 1326 ይሆናል፤ 1326 በ0.08 ሲባዛ ደግሞ 106 ፒኮ ሰከንድ ይመጣል። በ10 ጊጋ ቢት ለአንድ ቢት የተመደበው ጊዜ 100 ፒኮ ሰከንድ ገደማ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ቢት መድረሻው ላይ ሲደርስ በራሱ ስፋት ልክ ተዘርግቶ የጎረቤቱን ቦታ ይዞበታል ማለት ነው።

በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱን አጅበው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርዱትን የዘማሪ ቡድኖች ያስቧቸው። ሲነሱ በቡድንና በቡድን መካከል ክፍተት አለ፤ ማን የማን እንደሆነ በግልጽ ይለያል። በየቡድኑ ውስጥ ግን ፈጣኑም ዘገምተኛውም አለና፣ መንገዱ ሲረዝም የፊተኛው ቡድን ኋላ ቀሮች ከኋለኛው ቡድን ቀዳሚዎች ጋር ይቀላቀላሉ። መድረሻው ላይ ቆሞ ቡድን ለሚቆጥር ሰው የሚታየው ያልተቋረጠ ሕዝብ ብቻ ይሆናል። ዘማሪዎቹ ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ ቆጠራው አይቀልለትም፤ ማጉያዎም ያደረገው ይህንኑ ነው።

በ1 ጊጋ ቢት ለምን ሠራ? እዚያ አንድ ቢት 800 ፒኮ ሰከንድ ያህል ቦታ ስላለው፣ አንድ መቶ ፒኮ ሰከንድ መዘርጋት ብዙም አይጎዳውም። ፍጥነት ሲጨምር ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ቢቱ ያጥራል፣ የሲግናሉ የሞገድ ስፋትም በዚያው ልክ ይሰፋል። ስለዚህ መስመሩ የሚችለው የዲስፐርሽን መጠን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ከ2.5 ወደ 10 ጊጋ ቢት ሲታደግ መቻቻሉ በ16 እጥፍ ይወርዳል፤ በ10 ጊጋ ቢት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ማካካሻ የሚሄድ ሲግናል፣ በዚያው የአላላክ ዘዴ በ40 ጊጋ ቢት ከተላከ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ በሰላም አይዘልቅም።

በሞጁሉ ላይ «40 ኪሎ ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሁለት በጀቶችን በአንድ ላይ የያዘ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። አንደኛው የኃይል በጀት ነው፤ ሁለተኛው የዲስፐርሽን በጀት ነው፣ ይህም ለእንዲህ ያለ ሞጁል 800 ፒኮ ሰከንድ በናኖ ሜትር ያህል ነው። ማጉያ የሚያራዝመው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህን ስህተት ብቻዎን የሠሩት አይምሰልዎ፤ የሻጭ ሰንጠረዦች ሁለቱን በጀቶች በአንድ የርቀት ቁጥር ጠቅልለው ስለሚያስቀምጡ ብዙ ጥንቁቅ ሰው ይሳሳትበታል።

ፈጣን ኦስሲሎስኮፕ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራም ቢሆን ለመዋስ ከቻሉ፣ የሲግናሉን «ዓይን»፣ ማለትም ቢቶቹ በመሣሪያው መስኮት ላይ ተደራርበው የሚሠሩትን ዓይን መሰል ቅርጽ፣ መመልከት ጥርጣሬን ያጠፋል። ብርሃን ሲያንስ የዓይኑ መስመሮች እንደ ተነፋ በርበሬ ነጥብ ነጥብ እየሆኑ ይወፍራሉ። ዲስፐርሽን ሲሆን ግን መስመሮቹ ቀጫጭንና ጥርት ያሉ ሆነው ሳሉ፣ ቅርጻቸው ተጣሞ ዓይኑን ይጨፍኑታል። መሣሪያው ካልተገኘ ማድከሚያ ያስገቡና ኃይሉን በአንድ ወይም በሁለት ዲቢ ዝቅ ያድርጉ፤ የስህተቱ መጠን እምብዛም ካልተለወጠ ጥፋቱ የኃይል አይደለም። እርስዎ ይህን ሙከራ ሳያስቡት በተቃራኒው አካሂደውታል፤ ኃይል ጨመሩ፣ ስህተቱም ባሰ።

ለምን ባሰ? 14 ዲቢኤም ማለት 25 ሚሊ ዋት ነው። በእጅ ባትሪ ሚዛን ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ብርሃን የሚጓዘው ኮር በሚባለው የፋይበሩ እምብርት፣ 80 ካሬ ማይክሮ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ውስጥ ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሰላ ከ30 ኪሎ ዋት በላይ ይሆናል። በዚህ ብርታት ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ያስነሣል፤ ያም የድምፅ ሞገድ እንደ ተንቀሳቃሽ መስተዋት ሆኖ ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። የብሪዩዋን ብተና የምንለው ይህ ነው። ያልተቋረጠና ጠባብ የሌዘር ብርሃን በረጅም ፋይበር ውስጥ ሲጓዝ የክስተቱ መነሻ ጥቂት ሚሊ ዋት ብቻ ነው፤ መረጃ የተጫነበት ሲግናል ከዚያ ላቅ ያለ ይችላል፣ 25 ሚሊ ዋት ግን ለብዙ ሌዘሮች ከመጠን ያልፋል። ከመነሻው በላይ የሚጨመረው ኃይል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ ፊት የሚያልፈውም ይዋዥቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ላኪውን በ8 ዲቢ ከፍ ሲያደርጉ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰውም በ8 ጨምሮ -5 መሆን ነበረበት። ከዚያ ካነሰ የጎደለው ወደ ማጉያው ተመልሷል ማለት ነው። በሁለተኛው ሙከራ የደረሰውን ኃይል አልጻፉልኝምና ይህን ቁጥር መዝገብዎ ላይ ይፈልጉት።

እንግዲህ ምክሬ ማጉያውን እንዲያነሡት ነው። በምትኩ የ80 ኪሎ ሜትር ሞጁል ይግዙ። የዚህ ዓይነቱ ሞጁል ከ0 እስከ 4 ዲቢኤም ይልካል፣ እስከ -24 ገደማ ይቀበላል፣ 1600 ፒኮ ሰከንድ በናኖ ሜትር ያህል ዲስፐርሽንም ይችላል፤ የእርስዎ 1326 ነው። የመስመርዎ ጠቅላላ ብክነት ከሰጡኝ ቁጥሮች 19 ዲቢ ይወጣል። ላኪው ዝቅተኛውን 0 ዲቢኤም እንኳ ቢልክ -19 ይደርሳል፤ 5 ዲቢ ትርፍ አለዎት። ከዚያ ውስጥ ዲስፐርሽኑ ሁለት ዲቢ ያህል ይወስድብዎታል፤ የሚቀረው 3 ዲቢ ለቅጥያና ለእርጅና የተቀመጠ ነውና አይንኩት። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የዚህ ሞጁል ተቀባይ አቫላንሽ የሚባለው ስሜታዊ ዳዮድ ስለሆነ የሚችለው ከፍተኛ ግብዓት -7 ዲቢኤም ነው። አሁን ያለው ማጉያ በ14 ላይ እንዳለ ሞጁሉን ቢሰኩት ከዚህ ልክ ያለፈ ብርሃን ሊደርሰውና ሊጎዳ ይችላል። በጠረጴዛ ላይ በአጭር ገመድ ሲሞክሩትም መካከል ላይ ማድከሚያ ማስገባትዎን አይርሱ።

የዲስፐርሽን ማካካሻ ፋይበርም አማራጭ ነው። ይህ ፋይበር ምልክቱ ተቃራኒ የሆነ ብዙ ዲስፐርሽን ስላለው የተዘረጋውን ምት መልሶ ይሰበስባል። ለ40 ኪሎ ሜትር የተሠራው ጥቅል 680 ያህል ይቀንስልዎታል፤ ቀሪው 646 ነባሩ ሞጁልዎ ከሚችለው 800 በታች ነው። ነገር ግን ጥቅሉ ራሱ ጥቂት ዲቢ ይበላል፤ ኮሩም ጠባብ በመሆኑ ብርቱ ብርሃን ሲገባበት ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ጥፋት ቶሎ ይነሣበታል። ለአንድ ቻናል ብቻ ከሆነ አልመርጠውም። ስምንት ቻናል የሚጭኑ ከሆነ ግን አንዱ ጥቅል ለስምንቱም ስለሚያገለግል ስሌቱ ይለወጣል።

አሁን ስለ ማሚቶው ልጻፍ። ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ይታገሡኝ፤ በእጄ ካለፉት ብልሽቶች የሚበዙት ከዚህ የመነጩ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጎንደር ውስጥ ሁለት ሕንፃዎቹ በሁለት ኪሎ ሜትር የሚራራቁ አንድ መሥሪያ ቤት መስመሩን ከ10 ወደ 100 ጊጋ ቢት ሲያሳድግ፣ መስመሩ ተነሥቶ ወዲያው በስህተት ይሞላ ነበር። ሞጁሎቹ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል። የደረሰው ኃይል ዝቅ ቢልም በተፈቀደው ክልል ውስጥ ነበር። የማከፋፈያውን ሣጥን ስከፍት ከውጭ የመጣው ኬብል ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ፣ ከማዶ የተሰካበት የፓች ኮርድ (አጭር ማገናኛ ገመድ) ራስ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሌላው ሕንፃ ሄጄ ስከፍት በዚያም እንዲሁ ነው። አረንጓዴው ራስ ጫፉ በ8 ዲግሪ ተዘቅዝቆ የተሞረደ ነው፤ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ ሲሰካኩ «ቀጭ» ብለው ይይዛሉ፣ ለዓይን የገጠሙ ይመስላሉ፤ ኮሮቹ ግን አይነካኩም፣ መካከላቸው የአየር ክፍተት ይቀራል። ከመስታወት ወደ አየር የሚወጣ ብርሃን ደግሞ 4 በመቶ ያህሉ ይነጥራል።

የነጠረው ብርሃን በአንዱ ጫፍ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በሌላው ጫፍ እንደገና ነጥሮ፣ ዘግይቶ ከዋናው ሲግናል ጋር ወደ ተቀባዩ ይገባል። ኃይሉ 4 በመቶ የ4 በመቶ፣ ማለትም 0.16 በመቶ ብቻ ስለሆነ ኢምንት ይመስላል። ብርሃን ከብርሃን ጋር ሲደመር ግን የሚደመረው ኃይሉ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መስኩ ነው፤ መስኩ ደግሞ የኃይሉ ካሬ ሥር በመሆኑ 0.16 በመቶው 4 በመቶ ይሆናል። ማሚቶው አንዴ ሲያግዝ፣ አንዴ ሲቃወም፣ የሚደርሰው ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች በ8 በመቶ ይወዛወዛል። በሁለት ደረጃ ብቻ፣ በበራና በጠፋ ለሚላክ የ10 ጊጋ ቢት ሲግናል ይህ የሚታለፍ ነው፤ ከደረጃው እስከ መወሰኛው መስመር ያለው ርቀት የሙሉው ግማሽ ነውና። የ100 ጊጋ ቢቱ ሞጁል ግን በአራት የብርሃን ደረጃዎች ስለሚናገር ያ ርቀት ወደ አንድ ስድስተኛ ወርዷል፤ 8 በመቶ የሆነ ውዝዋዜ ከዚህ ግማሹን ይወስዳል። በሁለቱም ሕንፃዎች ፓች ኮርዶቹ በሰማያዊ ሲተኩ ስህተቱ እዚያው ላይ ቆመ። መስመሩ ለዓመታት ታምሞ ነበር፤ ሕመሙን ያጋለጠው የፍጥነቱ መጨመር ነው።

የኮኔክተር ንጽሕናም የዚሁ አካል ነው። የፋይበሩ ኮር 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በደረቁ ወቅት በየመንገዱ ከሚነሣው አቧራችን አንዲት ቅንጣት ልትሸፍነው ትችላለች። በ400 እጥፍ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ንጹሕ ጫፍ ጥርት ያለ ግራጫ ክብ ነው፤ በመካከሉ ኮሩ እንደ ትንሽ ነጥብ ይታያል። በጣት የተነካ ጫፍ ደግሞ እንደ ዘይት ጠብታ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ያንጸባርቃል። በሸሚዝ ጫፍ ወይም በጥጥ መጥረግ ቅባቱን ያዳርሰዋል እንጂ አያነሣውም። ክር የማይለቅ መጥረጊያ ወይም እንደ እስክሪብቶ የሚጫነውን ማጽጃ ይጠቀሙ፤ ካጸዱ በኋላ በማይክሮስኮፑ ደግመው ይዩት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የሌላኛውን ወገን ጫፍም ያጽዱ፤ አንዱ ብቻ ቢጸዳ ሌላው መልሶ ያቆሽሸዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሌዘሩና የኦፕቲካል ማጉያው መጥፋታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። የ1550 ናኖ ሜትር ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ በማይክሮስኮፕ ውስጥ ሲገባ ግን ዓይንን ይጎዳል።

መስመሩን በኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን በመለካት ጉድለቱ የት እንዳለ በሚያሳይ መሣሪያ) ሲለኩ ሹል ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ ምልክት ነጸብራቅ ያለበትን ኮኔክተር ያሳያል፤ እንደ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚቀር ደግሞ ቅጥያ ወይም መታጠፍ ነው። ሁለቱን ለመለየት በ1310ም በ1550ም ይለኩ፦ በ1550 ጎልቶ በ1310 ከቀነሰ ፋይበሩ አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ታጥፏል። በሙቀት የተበየደ ቅጥያ ማሚቶ አይፈጥርም፤ መንገድ ሲቆፈር ተቆርጦ የተቀጠለው ቦታ ሁሉ በብየዳ እንጂ በመካኒካል ማገናኛ እንዳይያያዝ የምለምነው ለዚህ ነው።

ወደ ስምንቱ ቻናሎች ስንመጣ፣ ቻናሎቹ በ100 ጊጋ ኸርዝ፣ ማለትም በ0.8 ናኖ ሜትር ልዩነት ከተደረደሩ፣ የጎረቤት ቻናል ፍሳሽ ብዙ አያሳስብዎ፤ ጥሩ ማጣሪያ ጎረቤቱን ከ25 ዲቢ በላይ ያዳክመዋል፣ የቀለሙ ልዩነትም ስላለ የሚደመረው ኃይሉ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ማቀዝቀዣ የሌለውን ርካሽ ሌዘር ለዚህ አለመጠቀም ነው። እንዲህ ያለው ሌዘር በየዲግሪ ሴንቲ ግሬዱ 0.1 ናኖ ሜትር ያህል ስለሚንሸራተት፣ በቀንና በሌሊት መካከል ባለው የሙቀት ለውጥ ብቻ ወደ ጎረቤቱ ክልል ይገባል። የሚያሳስበኝ በዚያው የሞገድ ርዝመት የሚመጣው ፍሳሽ ነው። አንድን ቻናል በአንድ ጣቢያ አውርደው በዚያው ቀለም አዲስ መረጃ ሲጭኑ፣ ያልወረደው ቅሪት ከአዲሱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ማጣሪያ አይለየውም። ቅሪቱ በኃይል አንድ መቶኛ ቢሆን እንኳ በመስክ አንድ አሥረኛ ነውና፣ የሲግናሉ ኃይል ከ1.21 እስከ 0.81 ይወዛወዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቅሪት ከ30 ዲቢ በላይ ማዳከም ያስፈልጋል፤ በመስመርዎ ላይ ብዙ የመውረጃ ጣቢያ ካለ ከዚያም በላይ።

አራት ሞገድ ቅልቅል ስለሚባለው ክስተት ሰምተው ከሆነ፣ ብርቱ ቻናሎች እርስ በርሳቸው ተባዝተው አዳዲስ ቀለሞችን መፍጠራቸው ነው። ሦስት ቻናሎች 9 አዳዲስ ቀለሞችን ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ ስምንት ሲሆኑ 224። ቻናሎቹ በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ከእነዚህ ብዙዎቹ በነባሮቹ ላይ ይወድቃሉ። እዚህ ላይ ያ ሲያስቸግረን የቆየው ዲስፐርሽን ይረዳናል። ቀለሞቹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ ለረጅም ርቀት አብረው አይቆዩም፤ ቅልቅሉም አይበረታም። በ1550 ላይ ዲስፐርሽኑ ዜሮ እንዲሆን ታስቦ የተሠራው ጂ.653 ፋይበር በጃፓን በስፋት ከተዘረጋ በኋላ ለብዙ ቻናል ሥራ አስቸጋሪ ሆኖ የተገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። የእርስዎ ጂ.652 በመሆኑ ዕድለኛ ነዎት፤ ለእያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 3 ዲቢኤም ባለው ክልል ውስጥ ከቆዩ በአንድ የ78 ኪሎ ሜትር ዝርግ ላይ ይህ ችግር አይነካዎትም።

ብዙ ማጉያዎች በተከታታይ በሚቆሙበት ረጅም መስመር ላይ ግን የኃይሉ መጠን የጥበብ ጉዳይ ይሆናል። ኃይል ሲያንስ የማጉያዎቹ ጫጫታ ሲግናሉን ይውጠዋል፤ ሲበዛ በመስታወቱ ምላሽ የሚፈጠረው ረብሻ በኃይሉ ኪዩብ ልክ ያድጋል። ከሁለቱ መካከል የተሻለው ነጥብ የማጉያው ጫጫታ ከሁለተኛው ረብሻ እጥፍ የሚሆንበት ነው። ስለዚህ «ጥቂት ልጨምርበት» የሚለው ልማድ እዚያ ቶሎ ይቀጣል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ስምንቱን ቻናሎች የሚፈልጓቸው ለአቅም ብቻ ከሆነ፣ ስምንት የ10 ጊጋ ቢት ሞጁሎችን ከነማካካሻቸው ከመደርደር በፊት የአንድ ኮሄረንት 100 ጊጋ ቢት ሞጁልን ዋጋ ይጠይቁ። ኮሄረንት ተቀባይ የብርሃኑን ኃይል ብቻ ሳይሆን ፌዙን (ሞገዱ በመውጣትና በመውረዱ መካከል የደረሰበትን ነጥብ) እና ፖላራይዜሽኑን (ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) ጭምር ስለሚለካ፣ የደረሰበትን መዘርጋት በስሌት መልሶ ይሰበስበዋል። በሺዎች የሚቆጠር ፒኮ ሰከንድ በናኖ ሜትር ለእርሱ ቀላል ነው፤ የማካካሻ ጥቅልም አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ጥቅሉ ቢነሣ የቻናሎች ቅልቅል ስለሚቀንስ ይሻለዋል። ከዚህም ሌላ ስህተት አራሚ ኮድ ስላለው፣ ከመታረሙ በፊት ያለውን የስህተት መጠን ከመሣሪያው ማንበብ ይችላሉ። የአሁኑ የ10 ጊጋ ቢት ኢተርኔት ሞጁልዎ እንዲህ ያለ ኮድ ስለሌለው እያንዳንዷ ስህተት በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው ትደርሳለች። ያንን ቁጥር በየሳምንቱ የሚመዘግብ ሰው መስመሩ ከመታመሙ በፊት ያውቃል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ከፍተኛ ቮልቴጁ ነው። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ሽቦው ላይ የሚያልፈው ኃይል በኦፕቲክ ሲግናልዎ ላይ እንደ መዳብ ገመድ ረብሻ አይጭንም። በምሰሶዎቹ ጫፍ በሚዘረጋው የምድር ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ፋይበር ከሆነ ግን አንድ የተለየ ነገር አለ። መብረቅ ሽቦውን ሲመታ በሽቦው ዙሪያ የሚዞረው ብርቱ ፍሰት መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ያም መስክ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ፖላራይዜሽን በሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ያዞረዋል። የኮሄረንት ተቀባይ ሁለቱን ፖላራይዜሽኖች እየተከታተለ ስለሚለይ፣ ክትትሉ ከዚህ ፍጥነት ካነሰ ለቅጽበት ሊስት ይችላል። ክረምታችን ነጎድጓድ የበዛበት ስለሆነ፣ ወደ ኮሄረንት በሚሸጋገሩበት ጊዜ ሞጁሉ የፖላራይዜሽን ለውጥን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከታተል ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁት። የ10 ጊጋ ቢት ተቀባይ ግን የሚቆጥረው ኃይልን ብቻ ነውና የፖላራይዜሽኑ መዞር አይነካውም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስህተቱ ጨምሮ ካገኙት ውኃ የገባበት የመቀጠያ ሣጥን ይፈልጉ።